ከነሥሩ ነቅላችሁ አምጡ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተረከብኩት አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ አንድ ዳስተር፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶና አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ጆንያውን ተርትሮ ዘርግቶ፣ በቀለም አንድ ተክል ስሎበታል። ከታች ሥር፣ ከመሀል ግንድ፣ ከላይ ቅጠል፣ ጫፉ ላይ ቀይ አበባ። የያኔው ርዕሰ መምህር «ይኸውልሽ የአካባቢ ሳይንስ!» ብለው አስታቀፉኝ።

ትምህርት ቤቱ ከወረታ ወጣ ብሎ የፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ጆንያውን ምስማር ላይ ሰቀልኩና «ሥር! ግንድ! ቅጠል!» አልኩ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ቆርቆሮው እስኪነቃነቅ ተቀበሉኝ። በእንግሊዝኛ ደገምኩት፤ «ሩት! ስቴም! ሊፍ!» አሁንም ጮኹ። ሰዓቴን ሳይ ሰባት ደቂቃ ሄዷል። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው። የቀረውን በምን ልሙላው?

ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ እህል ነው አረም?»

«ተክል ነው።»

«እሱማ ነው። ግን የሚበላ ነው የሚነቀል?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አልኳት። እስካሁን ይቆጨኛል። የፎገራ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት እህሉን ከአረሙ ይለያል፤ ያደገው ሩዝ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ነው። የእኔን ባለ ቀይ አበባ ተክል ግን ከሐሙሲት እስከ ይፋግ ብትፈልጉት አታገኙትም።

እኔ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያስብ ሳይ እንኳ እግሬ የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ። ስጽፍ ጠመኔ ይሰበራል፣ ስጠይቅ መልሱን ሳልሰማ ወደሚቀጥለው ልጅ እዞራለሁ። ባልደረቦቼ ያወጡልኝ ስም «ቲቸር ቶሎ» ነው። እናቴም ነፍሷን ይማረውና «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ስትለኝ ነው የኖረችው። ያም ሆኖ ሥራውን ለመድኩት። ከጀማሪ መምህርነት ወደ መለስተኛ፣ ከዚያ ወደ መምህር፣ ከዚያ ወደ ከፍተኛ መምህርነት ወጣሁ። ጆንያውም አብሮኝ አረጀ፤ ቀይ አበባው ደብዝዞ ከጀርባው ያለው የማዳበሪያው ጽሑፍ መታየት ጀመረ።

ሌንሴ የምትባለው ልጅ የመጣችው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። አባቷ የእኛው አገር ሰው ነው። በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ወለጋ ወርዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ በቆሎ እያረሰ ወልዷል። ኑሮው ሲበላሽበት ሚስቱንና ልጁን ይዞ ተመለሰና አያ ሙላት ከሚባሉ አዛውንት ገበሬ ግቢ በአንዲት ደሳሳ ጎጆ ተጠጋ። አያ ሙላት ኪራይ አይጠይቁትም፤ እሱ በጉልበቱ ያግዛቸዋል። እናትየው የምታወራው ኦሮምኛ ነው። ሌንሴ ከአባቷ አማርኛ፣ ከእናቷ ኦሮምኛ ይዛ፣ ክፍል ስትገባ ግን ሁለቱንም ውጪ ትታ ትመጣለች። አትናገርም።

«ሌንሴ፣ የሥር ጥቅም ምንድን ነው?» እላታለሁ። ዓይኗን ጆንያው ላይ ተክላ ዝም። እኔ ደግሞ እስከ ሦስት እንኳ ቆጥሬ አልጠብቅም። «እሺ ቀጣይ!» በተከታታይ ምዘና መዝገቤ ላይ ከስሟ ትይዩ በቀይ የኤክስ ምልክት አደርጋለሁ። ለወራት እንዲህ ሄድን። አንዷ ባልደረባዬ «ልጅቷ ዘገምተኛ ሳትሆን አትቀርም» ስትለኝ «እኔም እንጃ» አልኩ። ይህንንም እኔው ነኝ ያልኩት።

ሰኔ ላይ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሱፐርቫይዘሩ መጡና ልጆቹን ጠየቁ። ሁሉም «ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል!» ብለው አስተጋቡ። ሱፐርቫይዘሩ አንዱን ልጅ ወደ ደጅ አውጥተው «እስቲ ሥር አሳየኝ» አሉት። ልጁ ተመልሶ ገብቶ ጆንያውን ነካ። ሱፐርቫይዘሩ ሳቁ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ይኸን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ጆንያ ነው ለካ!

በዚያው ቀን፣ ደወሉ እየተደወለ፣ ልጆቹ ቦርሳቸውን እያነሱ፣ «ነገ እያንዳንዳችሁ አንድ ተክል ከነሥሩ ነቅላችሁ አምጡ!» አልኩ። ከየት፣ ምን ዓይነት፣ ምን እንዳይነካ አልተናገርኩም። በትምህርት ዕቅዴ ላይም አልነበረም፤ ዕቅዱ የሚለው «በሥዕል ማሳየት» ነው። አልኩና ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ግማሾቹ ረስተው ባዶ እጃቸውን መጡ። ሌሎቹ ሙጃ ይዘዋል፣ ሰንበሌጥ ይዘዋል፣ አንዱ ጉደኛ ከእናቱ ጓዳ ሽንኩርት አንስቶ መጥቷል። ሌንሴ ግን የእናቷን ነጠላ ጠቅልላ ታቅፋለች። ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ሥሩ ነጭ የሆነ ብዙ ክምር። ከዚያ እኔ ሳልጠይቃት ባዶ እጃቸውን ለመጡት ልጆች አንድ አንድ እያነሳች ማደል ጀመረች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው። ጓደኛ መግዣ ነበር ያመጣችው፣ የኔ ምስኪን።

አንዷ ልጅ የተሰጣትን አፍጥጣ አየችና ጮኸች። «ቲቸር! ይሄ እኮ የአያ ሙላት የሩዝ ችግኝ ነው!»

ጉድ ፈላ። አገሬው ሩዙን ማሳ ላይ ይበትናል። አያ ሙላት ግን በዚያ ዓመት የግብርና ባለሙያ በመከራቸው መሠረት ችግኙን መጀመሪያ መደብ ላይ አፍልተው፣ ኋላ በመስመር ሊተክሉ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ሽማግሌው ጎመን መሰለው እንዴ?» እያለ ሲስቅባቸው፣ እሳቸው ጠዋትና ማታ መደቡን ይጠብቁ ነበር። ሌንሴ የበቆሎ አገር ልጅ ናት፤ ሩዝ ሲበቅል አይታ አታውቅም። ለእሷ ያ መደብ ውሃ ዳር የበቀለ ሣር ነው፤ የነቀለችውም ጎህ ሲቀድ፣ እሳቸው ገና ሳይወጡ ነው።

«ሌባ! ሌባ!» አለ ክፍሉ። የያዙትን ችግኝ እሳት እንደነካቸው እየወረወሩ ከወንበር ወንበር ዘለሉ። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ሌንሴ ስድቡን የሰማችው አልመሰለኝም። የምታየው መሬት ላይ የወደቀውን ችግኝ ነው። «ቢሻን! ቢሻን!» እያለች ወደ በሩ ሮጠች። ቢሻን ማለት ውሃ መሆኑን ያወቅኩት የእጅ መታጠቢያውን ባልዲ ስትጎትት ሳያት ነው። ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመችና ሥር ሥሩን ባልዲው ውስጥ ነከረች፤ ቅጠሉን ወደ ላይ አድርጋ።

«ለምን?» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ መልሷን ጠበቅሁ።

ነጩን ሥር በጣቷ ይዛ አሳየችኝ። «በዚህ ይጠጣል። ካልጠጣ ይሞታል።»

ስንት ወር የጠየቅኳት ጥያቄ መልስ ይኸው ነበር። ቀይ እስክሪብቶዬ ጆሮዬ ላይ ተሰክቷል። የምገባበት አጣሁ።

ባልዲውን ጥግ አስቀምጬ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። የአሁኑ ርዕሰ መምህር በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። የሆነውን ስነግረው ዕቅዴን ገልጦ አየ። «ቲቸር፣ እዚህ ላይ በሥዕል ነው የሚለው። አንቺ ነቅላችሁ አምጡ አላልሽም። ልጅቷ በራሷ ነው ያደረገችው። የተባባሪ መሪ መምህርነት የዕድገት ምዘናሽ በዚህ ሳምንት ነው የሚላከው፣ ተይው።»

«ብዬአለሁ እኮ።»

«ማን ጽፎታል?»

እውነቱን ልናገር፣ ተውኩት። ወደ ክፍል ተመልሼ ሒሳብ አስተማርኩ። ከዚያ አማርኛ አስተማርኩ። እግሬ ግን አላረፈም፤ ከሰሌዳ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር። ልጆቹ «ቲቸር ምን ሆነሽ ነው?» እስኪሉኝ ድረስ ተንቆራጠጥኩ። ሌንሴ ከባልዲው አጠገብ ተቀምጣለች። በየመሀሉ ጎንበስ ብላ ታየዋለች።

ስድስት ሰዓት ላይ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሲለቀቅ፣ የሌንሴ እናት በሩ ላይ ቆመች። በባዶ እግሯ በጭቃው ስትሮጥ የመጣች ይመስላል። በተሰባበረ አማርኛ «አያ ሙላት ዕቃ አውጡ አሉን። ዛሬ ውጡ አሉን» አለችኝ። ከዚያ «ልጄ ምን አጠፋች?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጄ አላጠፋችም አላለችም፤ አልተቆጣችም። የምትጠይቀው የልጇን መምህርት ነው፤ መምህርቷ ታውቃለች ብላ።

ከዚያ ቢወጡ ወዴት ይሄዳሉ? ሌላ የሚጠጉበት ሰው የላቸውም። ልጅቷም ትምህርቷ ያን ዕለት ሊያበቃ ነው። ባልዲውን አነሳሁና «ነይ እንሂድ» አልኳት።

አያ ሙላት መደቡ ጫፍ ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የመደቡ አንድ ጥግ ተላጭቷል፤ ከዚያ እስከ ጎጆዋ የልጅ እግር ዱካ ጭቃው ላይ ይታያል። የሌንሴ አባት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ድስቱ፣ ጀሪካኑ፣ የተጠቀለለው ሰሌን አጥሩ ሥር ተደርድሯል።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ሙላት?»

«መዋልስ ዋልን። ዛሬ ደግሞ ምን ልታስነቅይ መጣሽ፣ መምህርት?»

«ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ከነሥሩ ነቅላችሁ አምጡ ያልኩት እኔ ነኝ። ሩዝ አታውቅም፣ ሣር መስሏት ነው። ከተቆጡም እኔን ይቆጡ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «መቼ ነው ይኸን ያወቅሽው?»

«ጠዋት።»

«አሁንስ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት አልፏል።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ መምህርት። እኔ ስንት ዓመት በዚህ ሜዳ ስትሮጪ አየሁሽ። ለሁሉም ትሮጫለሽ። ለዚህች ግን ዘገየሽ!»

ብዙ አለቃ ተቆጥቶኛል፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ግን የለም። ባልዲውን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ።

አያ ሙላት ጎንበስ ብለው አንድ ችግኝ አወጡ። ሥሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። ሌላ አወጡ። «አልደረቀም» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ውሃ ውስጥ ማን አስገባው?» አሉ።

«እሷ ናት። እኔማ ፈዝዤ ቀረሁ።»

ሌንሴን ረጅም ጊዜ አዩዋት። እሷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ባልዲውን ታያለች።

«ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር» አሉ። «ማሳውም አልለሰለሰም። ይሁን፣ ያች የማሳው ጥግ ውሃ ይዛለች። ከሞተም እዚያው ይሙት።» ነጠላቸውን አውልቀው ለአባትየው ወረወሩለትና ጭቃው ውስጥ ገቡ።

ሁላችንም ገባን። እናትየው ከኋላ፣ አባትየው ከመሀል፣ እኔ ጫማዬን አውልቄ ከዳር። አያ ሙላት «አታጥልቂው፣ ሥሩ ብቻ ይግባ» እያሉ ሌንሴን አስተማሯት። እሷ ቶሎ ገባት። እኔ ግን እንደልማዴ ስጣደፍ አንዱን ችግኝ ዘቅዝቄ ሰካሁት። «መምህርት፣ ቅጠሉ ነው ወደ ላይ!» ብለው ሲስቁብኝ ሌንሴም ሳቀች።

ስንጨርስ በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። አያ ሙላት እጃቸውን እየታጠቡ ሰማዩን አዩ፣ አጥሩ ሥር ያለውን ዕቃ አዩ። ለአባትየው «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ዕቃህን አስገባ እንጂ፣ ዝናቡ መጣብህ!» አሉት። ከዚያ ወዲያ ስለ መውጣት አላነሱም።

እናትየው ሰሌኑን ታቅፋ ስትሮጥ ታለቅስ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብቼ ያደረግሁትን ጽፌ ፈረምኩ። «በገዛ እጅሽ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የዚያ ዓመት ዕድገት አለፈኝ። ከተተከለው ችግኝም ሁሉ አልዳነም፤ ብዙው ቢጫ ሆኖ ሰንብቶ ቀና ሲል፣ የቀረው በዚያው ተኛ። አያ ሙላት እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ «ዘንድሮስ ምን አዘዝሽ?» ይሉኛል።

መስከረም ላይ ሌንሴ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ከመዝገቡ ላይ ያን ሁሉ ኤክስ ዘግይቼም ቢሆን ሰርዤዋለሁ። አሮጌውን ጆንያ ጥዬ አዲስ ጆንያ ላይ ሩዝ ሳልኩ። ከሥሩ አጠገብ በሦስት መስመር «ሥር፣ ሩት፣ ሂዳ» ብዬ ጻፍኩ። ሂዳ የኦሮምኛው ነው፤ እንዴት እንደሚባል ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሦስቴ አርማኛለች።

አዲስ ለምትመጡ መምህራን የምለው ይህንን ነው። ዝም ያለ ልጅ አያውቅም አትበሉ፤ ነገሩን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያውቀው ጠይቁና መልሱን ጠብቁ። ቀይ እስክሪብቶውን ከዚያ በኋላ አንሱት። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ደግሞ በጠዋቱ ተናገሩ፤ እስከ ስድስት ሰዓት አትቆዩ።