ሩዙን ይዤ ኪኒኑን የጣልኩ ጊዜ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነሥቻለሁ። ዓመቱን ግን አትጠይቁኝ፤ በትክክል አላስታውሰውም። ጣልያን ከወጣ ብዙ ቆይቶ ነው፣ ይኸው ነው የማውቀው። ሌላውን እንዳይጠፋኝ ጽፌዋለሁ። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ታገሡኝ።

የተነሣሁትም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስለ ሰለቸኝ ነው። እሑድ በመጣ ቁጥር አንዱ ጠጋ ይልና «ጋሼ ተሰማ፣ ዛሬም ያንን ኪኒን ትውጣለህ? እምነትህ የት ሄደ?» ይለኛል። ዛሬ ለሁላችሁም አንድ ጊዜ ልመልስና ልረፍ።

ጌታን ሳላውቅ ከዚራ ሰፈር፣ የባቡሩ ጋራዥ ውስጥ፣ የፉርጎ መንኮራኩር ግራሶ ስቀባ እውል ነበር። ከሥራ ስወጣ ጫት፣ ከጫቱ በኋላ አረቄ። ሚስቴ ብርቄ «ወይ እኔን ወይ ጠርሙሱን» ብትለኝ ጠርሙሱን መረጥኩ። አዎ፣ ሳቁ። ጥላኝ ሄደች። በኋላ ጸሎት የሚመራን ወንድም መኮንን ወደዚች የምንሰበሰብባት ሳሎን አመጣኝ፤ እዚች ወለል ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ ጠርሙሱም ቀረ፣ ብርቄም ተመለሰች። ስሙ ይባረክ!

ካመንኩ በኋላ ነው እግሬና ፊቴ ያበጠው። ሐኪሙ አየኝና «ኩላሊትህ ደክሟል። ጨው ተው፣ ሥጋ ተው፣ ሩዝ ብላ» አለኝ። አንዲት ብልቃጥ ኪኒንም ሰጠኝ። «ይህ ቪታሚን ነው። በነጭ ሩዝ ብቻ የሚኖር ሰው ቪታሚን ያጥረዋል፤ ያኔ እግርም ጭንቅላትም ይከዳል። ሩዙን ስትበላ ይህንንም ዋጥ» አለኝ። ከደረቁ ወንዝ፣ ከደቻቱ ዳር፣ ሩዝ ከምትሸጥ ሶማሌ ሴት መግዛት ጀመርኩ። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ አጫወትኳት።

ጸለያችሁልኝ፣ እብጠቱም ጎደለ። ሃሌ ሉያ! እኔም እዚሁ ተነሥቼ «ድኛለሁ» አልኩ። ወንድም መኮንን «ከዳንክ ታዲያ ኪኒኑ ምን ይሠራል?» አለ። ብልቃጡን ከኪሴ አወጣሁ፣ ለሁላችሁም አሳየሁ፣ በመስኮት ወረወርኩት። ጭብጨባው ትዝ ይላችኋል? ሩዙን ግን መብላት አልተውኩም። ሩዝ ምግብ ነው፣ ኪኒን ጥርጣሬ ነው ብዬ!

ወራት አለፉ፤ ጭንቅላቴ እንደ ጭቃ ሆነ። ብርቄን በእህቷ ስም እጠራለሁ። ግራሶ የቀባሁትን መንኮራኩር ተመልሼ እቀባለሁ። ጋኔን ነው ተባለ። ወንድም መኮንን ራሴን ይዞ «ስምህ ማን ነው?» እያለ ጮኸ። ዝም አልኩ። «ተናገር!» ዝም። «እልከኛ መንፈስ ነው» አላችሁ። ኧረ ወንድሞቼ! የገዛ ስሜ ጠፍቶኝ ነው እኮ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ጉልበታችሁን ጨረሳችሁ፣ አንድ ሰው እንኳ «ምን እየበላህ ነው?» አላለኝም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደቻቱ አሸዋ መሃል ቆምኩ። ቤቴ በመጋላ በኩል ይሁን በከዚራ በኩል ጠፋኝ። በተራራው ላይ ዝናቡ ጠቁሯል፤ ጎርፉ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ያቺ ሩዝ ሻጭ ከዳር ሆና አየችኝ።

«ወርያ! ተሰማ! እዛ ምን ገተረህ? ደመናው አይታይህም?»

«ቤቴ...» አልኩ።

«ቤትህማ ከኋላዬ ነው! ና!»

ወርዳ እጄን ያዘችና እየጎተተች አወጣችኝ። ዳሩን እንደወጣን ጎርፉ ሲያጓራ ሰማነው። ቤት አደረሰችኝና ብርቄን «ያ ከሩዜ ጋር የታዘዘለት ኪኒንስ?» አለቻት።

«ድኛለሁ ብሎ ጣለው።»

«አቦ! ከዳነ ሩዜን ምን ያደርግለታል? ሥጋውን አይበላም? ሩዙን አላህ ፈጥሮ ኪኒኑን ሸይጣን ፈጠረው?»

በማግስቱ ብርቄ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደችኝ። ተቆጣ፣ መርፌ ወጋኝ፣ ኪኒኑንም እንደገና ሰጠኝ። ቀስ በቀስ ጭቃው ጠራ። አንድ ጠዋት «ብርቄ» አልኳት።

«ማን ናት እሷ?» አለችኝ፣ ልትፈትነኝ።

«ከጠርሙሱ አስበልጬ መምረጥ የነበረብኝ» አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ክብር ለጌታ!

እንግዲህ ጌታ አላዳነኝም የምል እንዳይመስላችሁ። እሱ ነው ያዳነኝ! ብልቃጡን ጣል ግን አላለኝም፤ ለጭብጨባ ስል እኔው ነኝ የጣልኩት። ያን ቀን ያልኩትን ዛሬ በፊታችሁ መልሼ እወስዳለሁ። ዛሬም ኩላሊቴ ደካማ ነው፤ ሩዜን በልቼ፣ ኪኒኔን ውጬ፣ አመስግኜ አድራለሁ። ከእናንተም የታመመ ካለ በጌታ ይታመን፤ ይጸልይ፣ ሐኪሙንም ይስማ። እኔንም ከእንግዲህ በኪኒኔ አትነዝንዙኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ያቺ ሴት አማኝ አይደለችም፣ ስሟ በጉባኤ አይነሣ» ብላችሁኛል። ስሜ በጠፋኝ ሰሞን በስሜ ጠርታ ከጎርፍ ያወጣችኝን ሴት፣ እኔ ስሟን ልደብቅ? ጌታ ይባርካት። ሐሊማ ትባላለች።