የቆየው ወደ ፊት

አጎቴ ካረፉ ወር ሊሆናቸው ነው፤ አላህ ማረፊያቸውን ያስፋላቸው። ጡረታ እስኪወጡ መጋዘን ውስጥ ነበር የሠሩት፤ እዚህ ጀርመን፣ ቦናመስ በሚባለው ሰፈር ከምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ያለችውን ጠባብ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል፣ ኬለራችንንም፣ እንደ መጋዘን ነበር የያዟት። ሩዙን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ዘይቱን ለክፉ ቀን ብለው ይደረድሩ ነበር። አዲስ ነገር በገዛን ቁጥር እኔን አስከትለው ይወርዱና፣ "የቆየው ወደ ፊት፣ አዲሱ ወደ ኋላ!" እያሉ መደርደሪያውን እንደገና ያስተካክሉ ነበር።

እንደ አያቷ የምታያቸው ልጄ በጀርመንኛ፣ "ኦፓ፣ ሱፐርማርኬቱ እኮ እዚሁ ጥግ ላይ ነው" ስትላቸው፣ "እሁድ ሁሉም ዝግ ሲሆን ቢቸግርሽስ?" ይሏት ነበር።

ያረፉት እሁድ ጠዋት ነው። ከጻይልስሃይምም ከቦከንሃይምም ሰፈር የሰማ ሁሉ መጣ፤ ቤቱ ሞላ። ሊያበስሉልን የመጡት ሴቶች ሱቁ ሁሉ ዝግ ሆነባቸውና፣ "እቤት ምን አለ?" አሉኝ። የኬለሩን ቁልፍ ሰጠኋቸው። ለቀስተኛው ያን ሰሞን ሁሉ ከዚያ በላ። አብረዋቸው የሠሩ አንድ ሽማግሌ ሳህናቸውን እያዩ፣ "ሰውየው እንግዶቻቸውን ራሳቸው አብልተው ሄዱ" አሉ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ሩዝና ምስር ገዛሁ። ሰውነቴ ዝሎ ነበር፤ ግን ኬለር ሳልወርድ መተኛት አልሆነልኝም። መብራቱን አበራሁና አዲሱን እንዳስለመዱኝ ወደ ኋላ ገፋሁት። ከዚያ የቆየውን ወደ ፊት ላመጣ እጄን ሰደድኩ።

አንድም የቆየ አልነበረም።