እማማ ብርቄና ያልደረስንባቸው የጣሊያን ግንቦች

«ይኼ ትኬት የእሳቸው አይደለም» አለችኝ ዛሬ ጠዋት የአየር መንገዷ ሠራተኛ።

ወዳጆቼ፣ ለጎረቤቴ ለእማማ ብርቄ ትኬት የቆረጥኩላቸው «ብርቄ» ብዬ ነው። ለካ ፓስፖርታቸው ላይ ወርቅነሽ ናቸው! «ብርቄ» ሙሽራ ሳሉ አማታቸው ያወጡላቸው ስም ኖሯል።

እዚህ ውጭ አገር፣ የሰፈራችን የሪንከቢ ሰው ሁሉ ብርቄ ነው የሚላቸው። ደግሞስ አንቱ የሚባል ሰው ስሙ ይጠየቃል እንዴ?

ለመንኩ፣ አለቀስኩ። ስም አይቀየርም፣ በረራውም ሞልቷል ተባልኩ። አብረውን ሊጓዙ የነበሩት የማኅበራችን ሴቶች ዞር ዞር ብለው እያዩን ወደ አውሮፕላኑ ገቡ።

ጉዞው በሰሜን ጣሊያን የአኦስታ ሸለቆን ግንቦች ለማየት ነበር። እማማ ለግንቦቹ ደረጃ ልምምድ ብለው ክረምቱን ሙሉ አምስተኛ ፎቅ በእግራቸው ሲወጡ ከረሙ። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ሐኪሙ የከርሞውን እንጃ ብሏቸዋል።

በባቡር ወደ ቤት ስንመለስ እማማ፣ «ሃያ ዓመት ቤቴ በልተሽ ጠጥተሽ፣ አንድ ቀን ስምዎ ማነው አትይኝም?» አሉኝ።

አሁን ቁጭ ብዬ ሌላ ትኬት እየፈለግሁ ነው፤ ግን ዓይናቸው ይጠብቀኝ ይሆን?

እናንተስ፣ እንዲህ ያለ ጉድ የሠራችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልቻልኩትም።