ከበሩ ኋላ የነበረው ጸጉር ቆራጭ

ሰፈርተኛው «ጭጭ አሰኝ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት እናቶች ናቸው፤ ሌላ ጸጉር ቤት ገና ከደጃፉ ጣሪያ የሚነቅል ጩኸት የሚያሰሙ ልጆች እሱ ወንበር ላይ ሲወጡ ጭጭ ስለሚሉ ነው። ምን እንደሚያደርጋቸው ሲጠየቅ «ምንም» ይላል፤ ውሸቱን ነው። በወንበሩ ክንዶች ላይ ጣውላ አጋድሞ ቁመታቸውን ከመስታወቱ ጋር ያስተካክላል። ቶንዶሱን አስነስቶ ጀርባውን መጀመሪያ በራሱ መዳፍ፣ ቀጥሎ በልጁ መዳፍ ላይ ያሳርፈዋል። ልጁ ሲኮረኮር ይስቃል፤ የሳቀ ልጅ ደግሞ ወደ ለቅሶ ለመመለስ ጊዜ ይፈጅበታል። እናቶቹንም ውጭ ጠብቁ ይላቸዋል። የልጅ ለቅሶ ግማሹ የእናት ነው ባይ ነው፤ ይህን ግን ፊት ለፊት አይነግራቸውም፤ እንጀራው በእነሱ እጅ ነውና።

እንግዲህ የገዛ ልጁን ያስጮኸው ይኸው ሰው ነው። ጥፋቱ ከባድ አይደለም። ክፋት አለበት የሚለውም የለም። ግን ሰው በሠለጠነበት ነገር እንዲህ ሲሳሳት ማየት ያሳዝናልም፣ ትንሽ ያስቃልም።

ልጁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው። ክብ ፊትና ክብ ሆድ ስላለው ድቡሽ ይሉታል። ድቡሽ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ካላጠለቀ ከቤት አይወጣም፤ ድንች እናቱ ቦርሳ ውስጥ ይደብቃል፤ ቀይ የፕላስቲክ ኩባያውን ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ጸጉሩ ዐይኑ ላይ ወርዷል፤ አባቱ የመጀመሪያውን ጸጉር እኔው ወንበር ላይ፣ እኔው ጣውላ ላይ ካልቆረጥኩት ብሎ ማንንም አላስነካም። ጸጉር ቤቱ ከቤታቸው ሁለት አውቶቡስ ይርቃል፤ በዚህ ምክንያት ልጁ የአባቱን ሥራ ቦታ አንድም ቀን አላየም። ድቡሽ የሚያውቀው አባት ወደ አመሻሽ ላይ በሸሚዝ የሚመጣውን፣ ኪሱ ውስጥ ብስኩት የማይጠፋውን ሰው ነው። ሁለቱ እጅና ጓንት ነበሩ።

እናቱ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እሷ ሥራ ስትውል ልጁን የሚይዙት አያቱ፣ የእናቱ እናት ነበሩ። ደግ ሴት ናቸው፤ ከልጁ ጋር የሚጣሉት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ምግብ ላይ። ድቡሽ አፉን ከዘጋ በጉልበትም በልመናም አይከፍትም። አያት ጠብ እርግፍ ብለው ሁሉንም ከሞከሩ በኋላ አንድ መላ አገኙ። «ብላ፤ አለዚያ ጸጉር ቆራጩ መጥቶ ጆሮህን ቀጭ ያደርገዋል» አሉት። ከየት እንዳመጡት አያውቁትም፤ እሳቸውም በልጅነታቸው ተብለው ይሆናል። አማቻቸው ጸጉር ቆራጭ መሆኑ እንኳ ትዝ አላላቸውም። እሳቸው ቤት እሱ አማች ነው፣ የድቡሽ አባት ነው፤ ጸጉር ቆራጩ ሌላ ሰው ነው።

እሱ ግን ሰማ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ የሳሎኑ በር ገርበብ እንዳለ፣ አማቱ ይህን ሲሉ ሰማቸውና ሳቁ መጣ። ከበሩ ኋላ ቆመና በምላሱ «ቀጭ፣ ቀጭ» አደረገ። መቀስ ሲከፈትና ሲዘጋ እንደሚለው አድርጎ ነው፤ ሃያ ዓመት የሰማው ድምፅ ስለሆነ ከእውነተኛው አይለይም። ውስጥ የነበረው ድቡሽ አፉን እንደ ወፍ ጫጩት ከፈተ። ሦስት ማንኪያ አከታትሎ ዋጠ። አባት በሩን ከፍቶ ሲገባ ልጁ ከወንበሩ ዘሎ ወርዶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ትንሿ ልብ ድው ድው ስትል በሸሚዙ በኩል ተሰማችው። አይዞህ፣ አባዬ አለልህ፣ ማንም አይነካህም አለው። ያን ቀን ደስ ያለው ደስታ እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው አናት ሲያዞር ለዋለ ሰው፣ እንዲህ የሚጠመጠምበት ልጅ ከማግኘት በላይ ምን አለ?

በማግስቱም ከበሩ ኋላ ቆመ። በሦስተኛውም ቀን። አራት ወር ሙሉ ሥራው አደረገው። ልጁ ይፈራል፣ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ይታቀፋል። ሁሉም ደስተኛ ነው፤ አያት ሳህኑ ባዶ ሆነላቸው፣ አባትም እቅፉ ሙሉ ሆነለት።

ከዚያ የአያት ታላቂቱ ልጅ መውለጃዋ ደረሰና ወደ እሷ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ባልና ሚስት ተመካከሩ። ሚስቲቱ ልጁን የሚይዝ ካልተገኘ ሥራዬን እለቃለሁ አለች፤ ያንን ሥራ ለማግኘት የለፋችውን እሱ ያውቃል። እሱም ምን ሲደረግ ብሎ ደረቱን ነፋ። የአገሩን ልጅ ጭጭ አሰኝቼ የራሴን ያቅተኛል እንዴ፣ ከእኔ ጋር ይውላል አላት። ጸጉር ቤቱ ጥግ ላይ ትንሽ ፍራሽ አነጠፈ፣ መላጫዎቹን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አወጣ፣ ሹል ማዕዘኖችን በጨርቅ ጠቀለለ። አያት ከመሄዳቸው በፊት ልጁ ቦታውን እንዲለምድ ቅዳሜ ይዘውት ይምጡ ተባለ።

ቅዳሜ መጡ። አባት ነጭ ጋዋኑን ለብሶ የአንድ ፖስተኛ ጸጉር እየቆረጠ ነበር። ድቡሽ በሩ ላይ እንዳየው «አባ» ብሎ ሮጠ። ወለሉ መሐል ሲደርስ መቀሱ ፖስተኛው ጆሮ አጠገብ «ቀጭ፣ ቀጭ» አለ። ልጁ ቆመ። ወለሉ ላይ የተቆለለውን ጸጉር አየ፤ መቀሱን አየ፤ መቀሱን የያዘውን እጅ ተከትሎ ሽቅብ ወደ ፊቱ አየ። ሁለት እጆቹን ሁለት ጆሮዎቹ ላይ ጫነና ጮኸ።

እንዲህ ያለ ጩኸት በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ጎረቤቱ ጫማ ሻጭ ሰው ሞተ ወይ ብሎ መጣ። አባት መቀሱን ጥሎ ተንበረከከና እንደ ወትሮው እጁን ዘርግቶ አይዞህ፣ አባዬ አለልህ አለው። ልጁ የባሰ ጮኸ። ሲፈራ የሚሸሽበት ሰውና የሚፈራው ሰው አንድ ሆኑበት፤ ወዴት ይሂድ? የአያቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። ፖስተኛው ግማሽ አናቱ ሳይቆረጥ በመስታወቱ አይቶ «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይኼው ነው» ብሎ ሳቀ። ጭጭ አሰኝ ግን ሳቅ አልመጣለትም፤ መቀሱን ከወለሉ አንስቶ የቀረውን ጸጉር ቆረጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አባት ሲገባ ድቡሽ ከሶፋው ኋላ ይገባል። ብስኩቱን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠለትና ዞር ካለለት ብቻ ይወስዳል። ሚስቲቱ ነገሩ ግራ ገባት። አያት ግን ወዲያው ገባቸውና ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ አሉ፤ በጸጉር ቆራጭ እያስፈራሁ አበላው የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ አሁን ምን ይደረጋል ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ልጃቸው ክፉ ባትናገራቸውም እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ አለች፣ ቀኑን ሙሉም ቃላት ቆጥባ ዋለች።

አባትስ? አባት ዝም አለ። ሳላፍር እናገራለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አሮጊቷ ብቻቸውን ሲወቀሱ ምላሱን ዋጠ።

በሦስተኛው ቀን አማቱ ልብሳቸውን እያጣጠፉ ሻንጣ ውስጥ ሲከቱ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የልጁን የተቀላቀሉ ካልሲዎች ከእሳቸው ልብስ መሐል ለቅሞ አወጣ።

«እማዬ፣ ከበሩ ኋላ ቀጭ ቀጭ የሚለው እኔ ነበርኩ» አላቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ፤ ማጣጠፋቸውን አላቆሙም። «ጫማህ ከበሩ ሥር ይታየኝ ነበር።»

ለምን ዝም አሉኝ ሲላቸው፣ ልጁ ሮጦ ሲታቀፍህ ፊትህን አይ ነበር፣ ያንን ደስታ ልነጥቅህ አልቻልኩም አሉት። አንገቱን ደፋ። ሲነሳ በቀጥታ ወደ ሚስቱ ሄደና ሁሉንም ነገራት፤ ያላስፈለገውንም ጭምር፤ እቅፉን ስለምወደው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም አላት።

ሚስቲቱ ትጮህብኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን አተኩራ አየችው።

«ሳይፈራም ይመጣልህ ነበር እኮ» አለችው።

ይህ ቃል አንጀቱን ቆረጠው። አራት ወር ሙሉ በነጻ የሚሰጠውን ነገር ሲሰርቅ እንደኖረ ገባው።

በሳምንቱ እሑድ አያት ሄዱ። ማክሰኞ ልጁ ጸጉር ቤት መዋል አለበት፤ ካልሆነ ሚስቲቱ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ልትጽፍ ነው። ሰኞ ጸጉር ቤቱ የሚዘጋበት ቀን ነው። እናት ጠዋት ስትወጣ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ፤ ድቡሽ ቀይ ኩባያውን ይዞ ከሶፋው ኋላ ገባ። አባት ከሥራ ቦታ ያመጣውን ጋዋን አጣጥፎ ጎኑ አስቀመጠና በካናቴራ ሆኖ መሐል ወለል ላይ ቁጭ አለ። አልጠራውም። ወንበሩ ላይ ለሚወጡ የሌላ ሰው ልጆች የሚያሳየውን ትዕግሥት ለራሱ ልጅ ማሳየት የጀመረው ያን ጠዋት ነው።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ድቡሽ በሶፋው ጥግ አንድ ዐይኑን አወጣ። አባት እያየው በአፉ «ቀጭ፣ ቀጭ» አደረገ። ልጁ ደንግጦ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ክፍት ነው፤ ማንም የለም። አባት ደገመው፤ አሁን አፉን በሰፊው ከፍቶ ምላሱ ስትመታ እንድትታይ አድርጎ ነው። ልጁ ቀረብ አለ። ደግሞ ቀረብ አለ። ጣቱን አባቱ አፍ ውስጥ ከቶ ጉንጩን፣ ጥርሱን፣ ምላሱን በረበረ፤ መቀስ አላገኘም።

«እኔ ነበርኩ» አለው አባት። «ከበሩ ኋላ ሆኜ ያስፈራሁህ እኔ ነኝ። ሁለተኛ አላስፈራህም። ይቅርታ።»

ይህን ለሁለት ዓመት ተኩል ልጅ መናገር ሞኝነት ነው የሚል ይኖራል። ይበል። ከዚያ ጋዋኑን አነሳና አንድ እጁን ብቻ አስገባ።

«ይሄ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አባ» አለ ልጁ።

ሁለተኛውን እጅ አስገባና ጠየቀ። አባ ተባለ። አንደኛውን ቁልፍ ቆለፈ፣ ሁለተኛውን ቆለፈ፤ በእያንዳንዱ ይጠይቃል፣ ልጁም ፊቱን በደንብ መርምሮ አባ ይላል። በአራተኛው ላይ ልጁ ጋዋኑን ገልጦ ሥሩ ካናቴራው መኖሩን አረጋገጠ። መጨረሻ ላይ ጭጭ አሰኝ ከኪሱ መቀሱን፣ በሰገባው እንዳለ፣ አውጥቶ ያዘ።

ይሄኛውስ ማነው አለው።

ልጁ መቀሱን አየ። እጁ ወደ ጆሮው ሄደ፤ መንገድ ላይ ቀረ።

«ቆራጭ» አለ።

የአባት ልብ ስንጥቅ አለ። አይደለሁም ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ልጅ አይዋሽም። አዎ፣ ቆራጭ ነኝ አለው።

ድቡሽ አሰበ። ኩባያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና በሁለት እጁ የጋዋኑን ጫፍ ጨበጠ።

«የኔ ቆራጭ» አለ።

ከዚያ ተነስቶ ሄደ። አባት አልተከተለውም፤ መከተልም አልቻለም፤ ዐይኑ በእንባ ተሞልቶ የሚያየው ነገር አልነበረም። ልጁ ሲመለስ ጫማዎቹን ይዞ ነው። ማንም ሳይጠራው፣ ከምንም ሳይሸሽ፣ መጥቶ አባቱ ጭን ላይ፣ ጋዋኑ ላይ ቁጭ አለና እግሮቹን ዘረጋ። አባት ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አጠለቀለት፤ ልጁ የሚፈልገው እንደዚያ ነው። ሰኞ በመሆኑ ጸጉር ቤቱ ዝግ ነበር፤ ቢሆንም ሁለቱን አውቶቡስ ተሳፍረው ወደዚያው ሄዱ።