ከመስኮት የተወረወረው ደብተር

ለሒሳብ መምህሩ ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «ኮምፓስ» ነበር። በባዶ እጁ ሰሌዳው ላይ እንከን የሌለው ክብ መሣል ይችላል። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ እንደ ኮምፓስ ሹል ነው፣ ይወጋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር ዱላ ጨብጦ አያውቅም። ምላሱ ይበቃው ነበር። ገና በሩ ላይ ሲታይ ስምንተኛ «ለ» የዝንብ ድምፅ እስኪሰማ ጭጭ ይላል፤ እሱም ይህንን ሥነ ሥርዓት ይለዋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ማዕዘን እየሣለ ሲያስረዳ ከኋላው ሹክሹክታ ሰማ። ዞሮ አፈጠጠ፤ ዝም አሉ። ወደ ሰሌዳው ሲመለስ ሹክሹክታው ቀጠለ። የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች፤ ወደ ጓደኛዋ ዘንበል ብላ ታወራለች።

«አንቺ! እናትሽ የስፌት መኪና ላይ ወገቧ የሚጎብጠው አንቺ እዚህ እንድትለፈልፊ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ኮምፓስ ደብተሯን አነሣና በተከፈተው መስኮት ወረወረው። ውጭ ዝናብ ይዘንብ ነበር።

ልጅቷ ብድግ አለች። አላለቀሰችም። «ቲቸር፣ እኔን ይስደቡኝ። እናቴ ምን አደረገችዎት?» አለችና ሳታስፈቅድ ወጣች። አልተመለሰችም።

ደወሉ እንደተደወለ ጓደኛዋ ወደ ጠረጴዛው መጣች። «ቲቸር፣ ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ ቀኙም ደክሟል። ወደ ሰሌዳ ዞረው ሲያስረዱ አፍዎ አይታየኝም። እሷ እርስዎ ያሉትን ነበር የምትደግምልኝ» አለችው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ሊላት አፉን ከፍቶ ተወው። ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

ማክሰኞ ሲገባ እንደ ወትሮው ሁሉም ተነሥተው ቆሙ። ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጽፎ «ማን ይሠራዋል?» አለ። አንድም እጅ አልወጣም። አንዱን ጠራ። ተማሪው ቆመና እጁን አጣምሮ «አላውቅም ቲቸር» አለ። ሁለተኛዋም «አላውቅም ቲቸር።» በመጨረሻ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣውን ጠራ። እሱም አንገቱን ደፍቶ «አላውቅም ቲቸር» አለው። ስድብ የለ፣ ሳቅ የለ፤ የሚቀጣበት አንዳች ሰበብ አልሰጡትም። በእጁ ያለው ጠመኔ ለሁለት ተሰበረ። ትናንት የሳቁት ሁሉ እውነቱን ከጓደኛዋ እንደሰሙ ገባው።

በዚሁ መሐል ርዕሰ መምህሩ አስጠሩት። ቢሮ ሲገባ እናትና ልጅ ቆመው አገኘ። እናትየው ከሥራ በጥድፊያ ስለመጣች የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነበር። ልጅቷ ውሃ ጠጥቶ ያበጠውን ደብተር በብብቷ ይዛለች።

«ሳታስፈቅድ ወጥታለች» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ይቅርታ ትጠይቅና ትግባ፤ ካልሆነ ሦስት ቀን ትታገዳለች።»

እናትየው ልጇን ገፋ አደረገቻት። «በይ እንጂ ልጄ! እግራቸው ላይ ውደቂ!»

ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም።

«መምህር፣» አለች እናትየው በጭንቀት፣ «ትናንት ምን እንደተባለች ብለምናት፣ ብቆጣት፣ አልነግርሽም አለች። እርስዎ ምን ብለዋት ነው?»

ኮምፓስ ልጅቷን አያት። እሷም አየችው። በእናቷ ላይ የተሰነዘረውን ስድብ ለእናቷ ላለማድረስ ቅጣቱን ልትቀበል እንደቆመች ገባው። ረብሻለች ብሎ ቢያልፈው ማንም አያውቅበትም።

«ስለ እርስዎ ነው የተናገርኩት» አለ በመጨረሻ። «እናትሽ የስፌት መኪና ላይ ወገቧ የሚጎብጠው እንድትለፈልፊ ነው ወይ አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅዎ ግን የማትሰማ ጓደኛዋን እየረዳች ነበር።»

የእናትየው እጅ ሜትሩ ላይ ቀረ። «መጉበጡንስ ጎብጫለሁ፤ እውነት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ግን መሳቂያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እናትየውን ዝቅ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት፤ ከዚያ ልጅቷን «ነይ፣ ክፍል እንግባ» አላት።

ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ ክንዱን ያዙት። «አንተ ሰው፣ በልጆች ፊት ይቅርታ ብትል ነገ አናትህ ላይ ነው የሚወጡት!»

«በልጆች ፊት ሰድቤ ቢሮ ውስጥ ይቅርታ አይሆንም» አላቸው።

አርባ ስድስት ተማሪ ፊት ቆመ። «ትናንት እሷንም እናቷንም አዋርጃለሁ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ይቅርታ።» ከኋላ አንዱ ኪኪ ብሎ ሳቀ። በሌላ ቀን ቢሆን በአንድ ቃል ያደርቀው ነበር። አሁን ግን አልፎት ቀጠለ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ፊቴን ወደ እናንተ አዙሬ ነው የማስረዳው። ሰው የሚነካ ቃል ከወጣኝ እጃችሁን አውጥታችሁ ንገሩኝ። እናንተም ስትሰዳደቡ እኔ እነግራችኋለሁ።»

ልጅቷ «እሺ» ብቻ አለችና ተቀመጠች።

ነገሩ ባንድ ጀምበር አልተስተካከለም። ክፍሉ ጫጫታ ለመደ፤ ርዕሰ መምህሩም «አላልኩህም?» እያሉ ያልፉት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ እጁን አወጣ፦ «ቲቸር፣ አሁን ደደብ ብለውኛል።» ጆሮው እስኪግል አፈረ፤ ቃሉን መልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ልጆች ሲሰዳደቡም ከክፍል በኋላ አስቀርቶ ለብቻ ማናገር ጀመረ። ከስድብ ይልቅ ይህ ብዙ ጊዜ ይበላ፣ ያደክምም ነበር።

ልጅቷ በቀጣዩ ዓመት ወደ ዘጠነኛ አለፈች። ደረጃው ላይ ስታገኘው በአክብሮት ሰላም ትለዋለች እንጂ ቆማ አታወራውም። እሱም አልተቀየማትም።