መምህርት የሺና የካራ ፖም ቅጠሎች

መምህርት የሺ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው ቤታቸው ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ የምነግረው በታላቅ ሐዘን ነው። ብዙዎቻችሁ የባዮሎጂ መምህራችን እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሠሩትን የምታውቁ ግን ጥቂቶች ስለሆናችሁ፣ እኔ ተማሪያቸው ሰላም አብሬያቸው ሆኜ ያየሁትን ልጻፍ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ በታክሲ ካራ ይሄዱና፣ እዚያ ከሚኖሩት ገበሬ ከአቶ ግርማ የፖም ዛፎች ቅጠል እየቀጠፉ ጀርባውን በማጉያ መነጽር ይመረምሩ ነበር። የሚቆጥሩት ሁለት ፍጥረት ነው። አንደኛዋ ገበሬዎች ቀይ ሸረሪት የሚሏት፣ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ፣ የቅጠሉን ጭማቂ የምትመጥ ናት። ሁለተኛዋ እሷን እያደነች የምትበላ ዘመዷ ናት። «ቀስ የምትለዋ ሌባ ናት፤ የምትሮጠዋ ዘበኛ ናት» ይሉኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው አቶ ግርማ «ቅጠሌ የዛገ ቆርቆሮ መሰለ፤ መድኃኒት በረጨሁ ቁጥር ይብስበታል» ብለው ባማከሯቸው ጊዜ ነው። መምህርት መድኃኒቱ ዘበኛዋን እየፈጀ መሆኑን ጠረጠሩ። «አንድ በጋ ሳይረጩ ይታገሡኝ» አሏቸው። የአቶ ግርማ ቤተሰብ የሚኖረው በዚያ ፍሬ ነበርና ፈሩ፤ ግን እሺ አሉ።

የካቲት ላይ ቀይ ሸረሪቷ በዛች። መጋቢት ሲገባ በመንገዱ ዳር ያለው ረድፍ ቅጠሉን አራገፈ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይቆጥራሉ፤ የሚረግፈው ግን የእኔ ነው!» አሉ አቶ ግርማ በቁጣ።

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። መምህርት ግን አንገታቸውን ደፍተው «ልክ ነዎት። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ረድፎቹ ቀና ብለው «ግን የመንገዱ ዳር ብቻ ለምን?» ሲሉ ጠየቁ።

አንድ ቅጠል ቀጥፈው በጣታቸው አሹት። ጣታቸው ቡናማ ሆነ። መኪኖቹ የሚያስነሡት አቧራ ነበር። ቀይ ሸረሪቷ አቧራ ይመቻታል፤ አዳኟን ግን እንደ ልቧ አያስኬዳትም።

በማግስቱ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ባልዲ ይዘው መጡ። ሦስታችን የተረፈውን ቅጠል ስናጥብ ዋልን። ከውስጠኛው ረድፍ ዘበኛዋ ያለችባቸውን ቅጠሎች አምጥተውም በየቅርንጫፉ አሰሩ። ሰኔ ላይ ቀይ ሸረሪቷ ስትጠፋ እኔ በደስታ ዘለልኩ፤ እሳቸው ግን «ተይ፣ ይኼን ያደረገው ዝናቡ ነው። ለእኛ አይቆጠርም» አሉኝ።

በቀጣዩ በጋ አቧራውን ቶሎ ቶሎ አጠብን። ቀይ ሸረሪቷ መጣች፤ ዘበኛዋም ጥቂት ሳምንት ዘግይታ ተከተለቻት። ቅጠሉ አልረገፈም። አቶ ግርማም ከዚያ ወዲህ አልረጩም። በመምህርት የቀብር ዕለትም አጠገቤ ቆመው «ተቆጥቻቸው ነበር እኮ» እያሉ አለቀሱ።

መምህርት፣ ቅዳሜ ዕለት ብቻዬን ካራ ሄጄ ነበር። ከፖሞቹ አጠገብ ባለው የኮክ ዛፍ ቅጠል ጀርባ የማላውቃት ቢጫ ነገር አየሁ። ቀይ ሸረሪት አይደለችም፤ ዘበኛም አትመስልም። የምጠይቀው ሰው እንደሌለኝ ያኔ ገባኝና መነጽሩ በእንባ ደበዘዘብኝ። ጠረግሁት። ምን እንደምትበላ ለማየት እግሬ እስኪደነዝዝ ቆየሁ፤ እስካሁን አላወቅሁም። እርስዎ ይረፉ፤ እኔ ነገም እሄዳለሁ።