ካሜራው አይቀየርም

ሰፈሩ «ፍላሽ» ብሎ ነው የሚጠራት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብላዋለች። ሱቋ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር በመጋረጃ የተካፈለችው አንድ ክፍል ነው። በወዲህ በኩል ነጭ ጨርቅ የተወጠረበት ግድግዳ፣ የሚሽከረከር ወንበርና አንድ መስታወት አለ፤ በወዲያ በኩል የስፌት መኪና ሲንጣጣ ይውላል። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ኮሌታው ከተጣመመ ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታስተካክልለታለች።

ካሜራዋን የማያውቀው የለም። ሌንሳቸው ከሚቀያየር ካሜራዎች መሀል ጀማሪ እንዲለማመድበት ተብሎ የተሠራው ዓይነት ነው፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ ጥቁር። የመያዣው ጎማ ሲላቀቅ በጫማ ማስቲሽ ለጥፋዋለች። የማዞሪያው ምልክቶች በአውራ ጣቷ ተፍቀው አልቀዋል፤ ሌላ ሰው ቢይዘው ምን ላይ እንዳለ አያውቅም። እሷ ሳታይ ታዞረዋለች። የጀማሪ ካሜራ ይዛ እስከ መቼ ጀማሪ እንደምትሆን ያልጠየቃት ሰው ግን የለም።

ይሄ ሥራ አንድ ጠባይ አለው። ደንበኛ ከፎቶው በፊት የሚያየው ካሜራውን ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺዎቹ ካሜራቸውን ያወፍሩታል። ከሥሩ የተጨማሪ ባትሪ ቤት ይገጥሙለታል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ከፊቱ ደግሞ፣ ጣሪያ ሥር ምንም የማይፈይድ ሰፊ የፀሐይ መከለያ ያጠልቁበታል። ፍላሽ ይሄን ነገር በዓይኗ ማየት አትፈልግም። አንድ የምረቃ ድግስ ላይ ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አይቷት «ትልቁ የታለ?» ቢላት፣ «ትልቁ እኔ ነኝ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ነገሩ የከረረው የወንድሟ ልጅ ልታገባ ስትል ነው። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ጥርስ ሳታበቅል ጀምሮ ያሉትን ፎቶዎቿን ያነሳቻት አክስቷ ናት፤ «የሠርጌንም ከአክስቴ በቀር ማንም አያነሳኝም» ብላ ቁርጡን ተናገረች። አባቷ፣ የፍላሽ ታላቅ ወንድም፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ሰው ምን ይለኛል የምትለዋ ነገር ግን እንቅልፍ ትነሳዋለች። አንድ ከሰዓት ሱቋ መጥቶ የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እህትዓለም፣ ይሄን ነገር መቀየር አለብሽ።»

«ወንበሩን?»

«ካሜራውን። ቀልዱን ተይው። የባልየው ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው።»

«ሙሽራዋን ትተው?»

«እኔ ዘንድ ሰው ያለቀ የፍሬን ሸራ ይዞ ይመጣል። ይሠራል እኮ፣ ምን ሆነ ይለኛል። እስከ መቼ ነው የሚሠራልህ እለዋለሁ።»

«እና አዲሱን ይገዛል?»

«ነገር የገባው ይገዛል።»

ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ወሬ ሲጥማት መርገጫውን ትለቃለች።

ወንድምየው ዋናውን ነገር ያወጣው ሊሄድ ከተነሳ በኋላ ነው። ዳይሬክተሩን አነጋግሮታል። ዳይሬክተሩ የሚባለው የትልቁ ስቱዲዮ ባለቤት ነው። ፊልም ሠርቶ አያውቅም፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ሙሽሮችን «ከልባችሁ ሳቁ እንጂ» እያለ ስለሚያዝ ነው ስሙ የወጣለት። ያቀረበው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ከትልልቆቹ ካሜራዎቹ አንዱን ለፍላሽ ይሰጣታል፤ በምትኩ ከዚህ ሠርግ ጀምራ ሁለት ዓመት በእሱ ስቱዲዮ ስም ትሠራለች፣ የምታነሳው ፎቶ ሁሉ ጥጉ ላይ የእሱ ምልክት ይታተምበታል። ወይ ሠርጉን ራሱ ያነሳል፤ እሷ እንደማንኛውም ዘመድ ተቀምጣ ትበላለች።

«እስከ እሑድ አስቢበት» ብሎ ወንድሟ ወጣ።

ፍላሽ ሳታይ የምትፈርድ ሰው አይደለችም። ማግስቱን ዳይሬክተሩን ካሜራውን ይዞ ሠርጉ በሚደረግበት አዳራሽ እንዲመጣ ነገረችው። መጣ።

«ያዢው እታለም፣ አይናከስም።»

ተቀብላ ገለበጠችው። «ይሄ የባትሪ ቤት ባዶ ነው አይደል?»

«ለሚዛን ነው።»

«ለማን ሚዛን?»

አዳራሹ ውስጥ ሙሽሮች ሲገቡ የጣሪያው መብራት ይጠፋል፤ የሚቀሩት ሐምራዊና አረንጓዴ መብራቶች ብቻ ናቸው። ይሄን «ድባብ» ይሉታል፤ የካሜራ ብልጭታ እንኳ ድባቡን ያበላሻል ተብሎ ክልክል ነው። ፍላሽ የአዳራሹን ኃላፊ ለምና መብራቱን እንደ ሠርጉ ዕለት አስደረገች፤ ዳይሬክተሩን በሩ ላይ አቆመችው።

«አንተ ሙሽሪት ነህ። ቀስ ብለህ ወደ እኔ ና።»

«ሰው እንዳያየኝ ብቻ።»

«ከልብህ ሳቅ እንጂ።»

መጀመሪያ በራሷ ካሜራ አነሳችው። ሌንሱ ዒላማውን ለመያዝ ወዲያ ወዲህ ሲል ዳይሬክተሩ አጠገቧ ደረሰ። የተገኘውም ፎቶ ፊቱ ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። መልሳ አስመጣችውና በትልቁ አነሳችው። ቀጭ። ዳይሬክተሩ ከነሻርፑ፣ ከነቅንድቡ ጥርት ብሎ ወጣ።

ሁለቱን ፎቶ እያፈራረቀች ረጅም ጊዜ አየች። «ያንተ ይበልጣል» አለችው።

ክርክር ጠብቆ ስለነበር ግራ ገባው። «ታዲያ ተስማማን?»

«ይበልጣል አልኩህ እንጂ ተስማማሁ አልኩህ?»

ካሜራውን ይዞ እየተነጫነጨ ሄደ። እሷ ዕቃዋን ስትሸክፍ ጽዳቶቹ ገቡና የጣሪያውን መብራት ሙሉውን አበሩት። አዳራሹ እንደ ቀን ሆነ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲ ይዛ በበሩ ስትገባ ፍላሽ ሳታስበው ካሜራዋን አነሳችና ቀጭ አደረገች። ፎቶውን ስታየው የባልዲው እጀታ ሽቦ ሳይቀር ይታያል። ቀና ብላ ጣሪያውን አየችው።

ሱቋ ስትመለስ ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ገልጣ ትጠብቃት ነበር።

«እህስ?»

«የሰውየው ካሜራ ወርቅ ነው።»

«ውሰጂዋ ታዲያ።»

«አልወስድም።»

«እልህ ነው?»

«እልህ ነው። ከእልህም በላይ ነው። የራሴን የወንድም ልጅ አንስቼ ጥጉ ላይ የሰው ስም ልለጥፍበት?»

«ሠርጉ ቢያመልጥሽስ?»

ሠርጉ ቢያመልጣት ልጅቷ ምንም እንደማትላት ፍላሽ ታውቃለች፤ ያ ነው የባሰው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በእግሯ ግማሽ ዙር ትሽከረከራለች፣ ትመለሳለች።

«ሰው ፎቶ አንሺ የሚቀጥረው የሙሽሮቹ መግቢያ እንዲነሳለት ነው» አለች በመጨረሻ። «ልክ ያ ሰዓት ሲደርስ መብራት ያጠፋል። ከዚያ ካሜራ ቀይሪ ይለኛል። ይሄ ምን የሚሉት ነው?»

«እኔ ልብሱን የምሰፋው በብርሃን ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ «በጨለማ ካዩትማ ምን አለፋኝ?»

እሑድ ወንድሟ ሳሎን ተሰበሰቡ። ዳይሬክተሩም ተጠርቷል፤ ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ፍላሽ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ካሜራው አይቀየርም። የሚቀየረው መብራቱ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ የጣሪያው መብራት ሙሉውን ይበራል።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። «እታለም፣ ሠርግ ነው እኮ። የፈተና ክፍል አደረግሽው።»

«ድባቡስ?» አለ ወንድሟ። «ሰው በድባብ ነው የሚደሰተው። በእንዲህ ያለ መብራት ውስጥ ልጄን እንደ ታካሚ ላስገባት ነው?»

«ወንድምዓለም፣ አጨልመህ የምትደብቀው ምን አለህ?»

«ሰው ይስቅብናል ነው የምልሽ።»

ልጅቷ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ስልኳን አወጣችና የጓደኛዋን የሠርግ መግቢያ ፎቶ አሳየችው። በትልቅ ካሜራ የተነሳ ነው፤ ጥርት ብሏል። ሙሽራዋ ግንባሯ ሐምራዊ፣ አገጯ አረንጓዴ ነው።

«ይሄን ማን አነሳው?» አለ አባቷ።

ዳይሬክተሩ እግሩን አወረደ። «መብራቱ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?»

«እሱን እኮ ነው የምትለው» አለች ልጅቷ። «አባዬ፣ እኔ ፊቴን ማየት ነው የምፈልገው። ጉበቷን እንደታመመች ሴት አረንጓዴ ሆኜ መውጣት አልፈልግም።»

ወንድምየው ሦስቱንም አያቸው። «እሺ፤ ግን የሆነ ነገር ቢበላሽ እኔን እንዳትጠሩኝ» አለ።

በሠርጉ ዕለት ሙዚቃው ጀመረ፣ በሩ ተከፈተ። ያን ጊዜ አዳራሹ ድርግም ብሎ ጨለመ። የመብራቱ ሠራተኛ ተነግሮት ነበር፤ እጁ ግን የለመደውን አደረገ። ሐምራዊው በግድግዳው ላይ ይዞር ጀመር፤ እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ።

ፍላሽ መተላለፊያው መሀል ላይ ቆማ ነበር። ካሜራዋን ከዓይኗ አውርዳ ደረቷ ላይ አንጠለጠለችው። ከመንገዱ ግን ፈቀቅ አላለችም። ሙሽራዋ በሩ ላይ ቆመች፤ አክስቷ ካሜራዋን ካላነሳች እግሯን አታነሳም። ባልየው ሊራመድ ሲል ክንዱን ይዛ አስቀረችው። ሙዚቃው ይቀጥላል፤ ማንም አይገባም። ጭብጨባው እየሳሳ መጣ። ከባልየው ወገን አንዲት ሴት «ያቺ ሴትዮ ማናት መንገድ የዘጋችው?» ስትል ተሰማ። ሌላዋ «የጠፋባት ነገር ይኖራል» አለች።

ዳይሬክተሩ ተጋብዞ ከኋላ ጠረጴዛ ነበር። ተነስቶ አጠገቧ መጣ። «ሰው አታሳፍሪ፤ አንሺ ዝም ብለሽ።»

«አላነሳም።»

«የሚያልፍ ነገር ነው እኮ።»

«እንዳያልፍ ነው የቆምኩት።»

ወንድሟ ከፊት ተቀምጧል። ላብ በላብ ሆኗል። ሰዎች እሱን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ። ብድግ ሲል ፍላሽ ወደ እሷ የሚመጣ መስሏት ጥርሷን ነከሰች። እሱ ግን በጠረጴዛዎቹ መሀል አልፎ፣ ወንበር እየገጨ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ሄደ። የቱ የቱ እንደሆነ አላወቀም፤ ሁሉንም በመዳፉ ወደ ላይ ገፋቸው።

«ልጄን ልያት እንጂ ታዲያ» አለ፤ ሙዚቃው በዚያው ቅጽበት ስለቆመ አዳራሹ በሙሉ ሰማው።

ብርሃኑ ቦግ ሲል አንድ አጎት ከኬኩ ጠረጴዛ አጠገብ ክሬም የነካው ጣቱን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ተያዘ። ሳቁ ከዚያ ተነሳ። ሙሽራዋም ሳቀች፤ ማንም ሳያዛት። ፍላሽ ካሜራዋን ወደ ዓይኗ መለሰች።

በሳምንቱ ፎቶዎቹ በወንድሟ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ነበር። ሁሉም አልተሳካም። በኋላ ለዳንሱ መብራቱ ሲቀንስ የተነሱት አሸዋማ ናቸው፤ ሁለት ሦስቱም ደብዝዘዋል። እሷው ራሷ ለይታ አሳየችው፤ አልደበቀችም። የመግቢያዎቹ ግን ይታያሉ። በአንደኛው ላይ ልጅቷ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላለች፤ ከኋላዋ፣ በግድግዳው ጥግ፣ አባቷ መዳፉን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ እንዳደረገ ወደ እሷ ያያል።

ወንድሟ ያችን ፎቶ ወደ ራሱ ሳብ አደረጋት፤ ብዙ ቆየባት። ከዚያ አሸዋማዎቹን በጣቱ ነካ አደረገ።

«እነዚህን የዳንሶቹን ራስሽ አልተሳኩም ብለሻል።»

«አልተሳኩም።»

«አሁን እንግዲህ ካሜራውን ትቀይሪዋለሽ።»

«እቀይረዋለሁ» አለች ፍላሽ ፎቶዎቹን እየሰበሰበች። «መቼ እንደሆነ ግን አልነግርህም።»